ጨው ለምን ጨመርክበት?

ነሐሴ ውስጥ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባደረበት አንድ ሌሊት የአራት ዓመት ልጄን ተቅማጥ ያዛት። እስኪነጋ ስድስት ጊዜ አነሳኋት። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዳለች፤ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። የተደናገጠ ሰው እጁ ያገኘውን ይሰጣልና፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከልደት የተረፈ ለስላሳ አየሁ። ስኳሩ አቅም ይሆናታል፣ ፈሳሹም ያጣችውን ይተካል ብዬ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ሰጠኋት። ደስ ብሏት ጠጣችው። ሰዓት ሳይሞላ ባሰባት።

ሲነጋ አዝዬያት ሰፈራችን ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለመድኃኒቷ ወጣት ናት። የልጄን ዓይን አየች፣ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች፣ ስታለቅስ እንባ እንዳላት አረጋገጠች።

«ምን ሰጧት?» አለችኝ።

ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ከመናገሯ በፊት ትንሽ ዝም አለች እንጂ። እሱ ከቁጣ ይከብዳል።

«ከእንግዲህ ለስላሳ አይስጧት» ብላ ጥቂት እሽግ ኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ፣ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት) እና የዚንክ ኪኒን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «አንዱን እሽግ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ነው የሚበጠብጡት። በብርጭቆ አይደለም፣ በአንድ ሊትር። ውኃው ካነሰ ይጎዳታል። ተቅማጡ ወዲያው አይቆምም፤ እርስዎ አይደንግጡ፣ ዝም ብለው በማንኪያ ያጠጧት።»

ቤት ገብቼ እንደተባልኩት በጠበጥኩ። ልጄ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«አባዬ፣ ጨው ለምን ጨመርክበት?»

መልስ አልነበረኝም። የሚያሳፍረው ደግሞ እስከ 12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የነበርኩ፣ በባዮሎጂም ጥሩ ውጤት ያመጣሁ ሰው መሆኔ ነው። ዛሬ እንጀራዬ የሒሳብ ሥራ ቢሆንም «የሕዋስ ሽፋን ምንድን ነው?» ብትሉኝ ከእንቅልፌ ተነስቼ እመልስላችኋለሁ፤ መርጦ አሳላፊ ሽፋን ነው። መምህራችን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ጽፈውት ነበር፤ እኛም የቆሎ ተማሪ ዳዊት እንደሚደግም ደገምነው። ሥዕሉንም አስታውሳለሁ። ሁለት እግር ያላቸው የክብሪት እንጨቶች በሁለት ረድፍ፣ እግር ለእግር ገጥመው እንደ ወታደር ቆመዋል። ፈተና ላይ ሣልኩት፣ ሙሉ ነጥብ አገኘሁበት። በልቤ ግን የሕዋስ ሽፋን ማለት ፌስታል ነበር። ውስጡ ያለው እንዳይፈስ የሚይዝ ነገር፣ በቃ።

ልጄ እንቅልፍ ሲወስዳት መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። አንድ ሌሊት አልበቃኝም፤ ቀናት ወሰደብኝ።

ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ ለመረዳት ወጥ ቤት መግባት ብቻ ይበቃል። በክረምት ማለዳ የፓልም ዘይት ጄሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ ያድራል፤ የኑግ ዘይት ግን በዚያው ብርድ ሳይረጋ ይነጋል። ሁለቱም ዘይት ናቸው። ልዩነቱ የሞለኪውሎቻቸው ጅራት ቅርጽ ነው። ፓልም ውስጥ ቀጥ ያሉት ጅራቶች ይበዛሉ፤ ቀጥ ያለ ነገር ደግሞ እንደ ተፈለጠ ማገዶ ተጠጋግቶ ይደረደራል። የኑግ ዘይት አብዛኞቹ ጅራቶች የተጎበጡ ናቸው፤ ጠማማ እንጨት ክምር አይሠራምና እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ ይፈስሳሉ። የሕዋስ ሽፋንም ከሁለቱም ዓይነት የተቀላቀለ ነው። በመካከላቸው ኮሌስትሮል ይገባና ሽፋኑ በብርድ እንዳይደርቅ፣ በሙቀትም እንዳይላላ ይጠብቃል። ኮሌስትሮል የሚባለውን ስም ከሐኪም አፍ በማስጠንቀቂያ ብቻ ለሰማ ሰው ይህ ትንሽ ያስገርማል።

የሽፋኑ ስብ ከምግብ ዘይት የሚለየው ራስ ስላለው ነው። ራሱ ውኃ ይወዳል፣ ሁለቱ ጅራቶቹ ውኃ ይሸሻሉ። እንዲህ ያሉ ብዙ ሞለኪውሎች ውኃ ውስጥ ሲገቡ ማንም ሳያዛቸው ጅራታቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። እኔን ያቆመኝ ግን ሙጫ አለመኖሩ ነው። አንዱን ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር ያሰረው ነገር የለም። አንድ ላይ የያዛቸው ከውኃ መሸሻቸው ብቻ ነው። የሽፋኑ ውፍረት 5 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት እስኪሞላ ከ10,000 በላይ መደራረብ ይኖርብናል። ያንን የሚያክል ስስ ነገር ነው እንግዲህ ሕይወት ያለውን ከሌለው የሚለየው።

ሁለት ረድፍ መሆኑ የታወቀበት መንገድ ራሱ ታሪክ ነው፤ የሚጀምረውም ከሣህን ማጠቢያ። አግነስ ፖክልስ የምትባል ጀርመናዊት በብራውንሽቫይግ ከተማ የወላጆቿን ቤት ታስተዳድር ነበር። በዘመኗ ሴት ዩኒቨርሲቲ አትገባም ነበርና ፊዚክስን የተማረችው ከታናሽ ወንድሟ መጻሕፍት ነው። የዕቃ ማጠቢያው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት አይታ፣ ቅባቱ ውኃ ላይ ምን ያህል እንደሚሰፋ የምትለካበት የቆርቆሮ ገንዳ ሠራች። ውጤቷን በደብዳቤ ለእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ላከች፤ እሳቸውም በ1891 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዲታተም አደረጉላት። በ1925 ሆላንዳውያኑ ጎርተርና ግሬንደል ከዚሁ ሐሳብ ባደገ መሣሪያ ከቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ስብ ውኃ ላይ ዘረጉና ስፋቱን ለኩ። ከሕዋሳቱ ገጽ እጥፍ ሆኖ አገኙት። እጥፍ ማለት ሁለት ረድፍ ነው። በኋላ እንደታወቀው ልኬታቸው ሁለት ስህተት ነበረበት፤ ስቡን አሟጠው አላወጡም፣ የሕዋሱንም ስፋት አሳንሰው ገምተዋል። ሁለቱ ስህተቶች ተጣፉና እውነቱ ወጣ። በሒሳብ ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ኦዲተር ፊት ምን እንደሚደርስብኝ ስለማውቅ ሁለቱን ሰዎች ከልቤ ቀናሁባቸው።

የክብሪት እንጨቶቼ እንደ ወታደር ቆመው መቅረታቸውም ስህተት ነበር። በ1970 ተመራማሪዎቹ ፍራይና ኤዲዲን የአይጥ ሕዋስና የሰው ሕዋስ አዋሕደው፣ የየራሳቸውን ፕሮቲን በተለያየ ቀለም ምልክት አደረጉባቸው። መጀመሪያ ግማሹ አንድ ቀለም፣ ግማሹ ሌላ ነበር። በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ ቀለሞች በመላው ገጽ ተቀላቀሉ። ሽፋኑ ይፈስሳል ማለት ነው። እኔ የጥምቀትን ሕዝብ አሰብኩ። ታቦቱን ያጀበው ሰው እያንዳንዱ ይጋፋል፣ ይቀያየራል፣ ሰልፉ ግን ሰልፍ እንደሆነ ይሄዳል።

ይህ የስብ ንጣፍ ኦክስጅንን ያሳልፋል፤ ኦክስጅን ትንሽና ከስብ ጋር የማይጣላ ስለሆነ። ጨውን አያሳልፍም። ስኳርንም አያሳልፍም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በሮች ያስፈልጋሉ፤ በሮቹ ፕሮቲኖች ናቸው። ውኃም የራሱ በር አለው። ፒተር አግሬ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ስለ ደም ዓይነት ሲመራመር አልፈልግህም ያለው አንድ ፕሮቲን እየመጣ አስቸገረው። በ1992 ያንን ፕሮቲን የእንቁራሪት እንቁላል ሽፋን ላይ እንዲወጣ አድርጎ እንቁላሉን ንጹህ ውኃ ውስጥ ጨመረው። ፕሮቲኑ ያለበት አብጦ ፈነዳ፤ የሌለበት እንደነበረ ቀረ። በ2003 ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ወደ ጨዉ ልመለስ።

የአንጀት ግድግዳ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተነጠፈ ነው። አንዱ ገጻቸው ምግቡን፣ ሌላው ደሙን ይመለከታል። አዋቂ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ያህል ፈሳሽ ይጠጣል፤ ምራቁ፣ የጨጓራው፣ የሐሞቱ፣ የቆሽቱና የአንጀቱ ፈሳሽ ሲደመር ወደ አንጀት የሚገባው ዘጠኝ ሊትር ገደማ ይደርሳል። ከሰገራ ጋር የሚወጣው ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ስምንት ሊትር ከግማሽ በላይ በየቀኑ በዚያ አንድ ረድፍ በኩል ይመለሳል። እኔ ይህን ሳነብ ፓምፕ አለ ብዬ ጠበቅሁ። አለም፤ ነገር ግን ውኃውን ሳይሆን ጨዉን ነው የሚገፋው።

ያንን ፓምፕ በ1957 ያገኘው ዴንማርካዊው የንስ ስኮው ነው፤ ያጠናውም የሸርጣን እግር ነርቭ ላይ ነበር። የኖቤል ሽልማት የደረሰው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ነው። ፓምፑ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሶዲየም (የገበታ ጨው አንዱ ክፍል) ወደ ውጭ ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ለዚህም አንድ ኤ.ቲ.ፒ. (ሕዋስ ለጉልበት የሚከፍለው ሞለኪውል) ይከፍላል። ሦስት ወጪ፣ ሁለት ገቢ፣ ሒሳቡ ፈጽሞ የማይዘጋ መዝገብ። ዕረፍት ላይ ያለ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉ ለዚህ ሥራ ብቻ ይሄዳል። ተኝቼ፣ ምንም ሳልሠራ፣ በመላ አካላቴ ሶዲየም ሲወጣ ያድራል። ለምን? ሕዋሱ ውስጥ የሶዲየም መጠን ከውጭው አሥር እጥፍ ገደማ እንዲያንስ ነው። ለምን እንዲያንስ? እዚህ ላይ ነው የልጄ ጥያቄ የተፈታልኝ።

ሶዲየም ከበዛበት ወዳነሰበት ለመግባት ምንጊዜም ይገፋል፤ ክረምት እንደሞላው ወንዝ ነው። በሩ ግን ለብቻው አይከፈትለትም። በአንጀት ሕዋስ ላይ፣ ምግቡን በሚያየው ገጽ፣ ኤስ.ጂ.ኤል.ቲ.1 የሚባል በር አለ። ሁለት ሶዲየም ይገቡና ይቀመጣሉ። እነሱ ሲቀመጡ ለአንድ ግሉኮስ የሚሆን ቦታ ይስተካከላል። ግሉኮሱ ሲገባ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፤ ከኋላ ይዘጋል፣ ከፊት ይከፈታል፣ ሦስቱም ወደ ውስጥ ይወርዳሉ። በጅረት የሚዞር ወፍጮ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ውኃው ለራሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ እግረ መንገዱን እህሉን ይፈጫል። ሶዲየሙ ለራሱ ይገባል፣ እግረ መንገዱን ስኳሩን ይዞ ይገባል። ከዚያ ፓምፑ ሶዲየሙን በጓሮ በር ወደ ደም ይገፋዋል፣ ስኳሩም በሌላ በር ይከተላል። ጨውና ስኳር በደም በኩል ሲበዙ ውኃው ከአንጀት ተነስቶ ይከተላቸዋል። ሕጉ ይህ ነው፤ ውኃ ብዙ ነገር ወደሟሟበት ይሄዳል።

እንግዲህ እኔ በዚያ ሌሊት ያደረግሁትን እዩ። ለስላሳ በአንድ ሊትር ውስጥ 100 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ጨው ግን የለውም ማለት ይቻላል። ኦ.አር.ኤስ. ውስጥ ያለው ግሉኮስ 13.5 ግራም ብቻ ነው። ያ ሁሉ ስኳር አንጀቷ ውስጥ ሲቀር ውኃው ወደ ስኳሩ ሄደ፤ ከደሟ ወደ አንጀቷ። ያጣችውን የምተካ መስሎኝ የቀራትንም አስወጣሁባት። ባለመድኃኒቷ ዝም ያለችው ይህን እያሰበች እንደነበር አሁን ይገባኛል። አንዱን እሽግ በብርጭቆ አትበጥብጥ ማለቷም የዚሁ ሒሳብ ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ሲወፍር ለስላሳ የሚያደርገውን ያደርጋል፣ የጨዉ ጉዳት ደግሞ ይታከልበታል። በ2002 በተሻሻለው የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር እሽጉ ውስጥ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም የሶዲየም ሲትሬት ከግሉኮሱ ጋር አለ። በአንድ ሊትር ሲበጠበጥ የሶዲየሙና የግሉኮሱ ብዛት እኩል ይሆናል፣ 75 ለ75። ግራሙ ሳይሆን ቁጥሩ ነው እኩል የሆነው፤ በሩ የሚቆጥረው ሞለኪውልና አዮን ነውና።

የጨውና የስኳርን ቁርኝት ሮበርት ክሬን የተባለ ባዮኬሚስት በነሐሴ 1960 ፕራግ በተደረገ ስብሰባ ላይ ነበር ያቀረበው። በዚያን ጊዜ የኮሌራ ሕሙማን የሚታከሙት በደም ሥር በሚገባ ፈሳሽ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ኮሌራ ሰውን የሚገድለው በድርቀት ነው። የባክቴሪያው መርዝ የአንጀት ሕዋስ ክሎራይድ (ሌላው የጨው ክፍል) የሚወጣበትን በር ከፍቶ ይተወዋል። ክሎራይድ ይፈስሳል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውኃ ሁለቱን ይከተላል። ከባድ ሕመምተኛ በአንድ ሰዓት አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። ጨውና ውኃ ብቻ ቢጠጣ አይዘልቅለትም። ነገር ግን መርዙ የስኳሩን በር አይነካውም። ቤቱ በአንድ በኩል እየፈሰሰ በሌላ በኩል ያለው በር ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ቁልፉን ላወቀ። በ1968 ሐኪሞቹ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ ዳካ ውስጥ ስኳርና ጨው ያለበት መጠጥ ለኮሌራ ሕሙማን ሰጥተው በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ፍጆታ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳዩ።

ከዚያ 1971 መጣ። ዛሬ ባንግላዴሽ ከምትባለው ምድር ጦርነቱን የሸሹ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ጎረፉ። ድንበር ላይ ባለችው ቦንጋዮን ኮሌራ ገባ። ሐኪሙ ዲሊፕ መሃላናቢስ የደረሰበት ሆስፒታል ወለሉ በሕሙማን ተሞልቶ ነበር፤ በደም ሥር የሚሰጠውም ፈሳሽ እያለቀ ነበር። መሃላናቢስ ግሉኮስ፣ የገበታ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ እያስመዘነ በፕላስቲክ አሳሸገ፣ በበርሜል አስበጠበጠ፣ ነርስ ሳይጠብቁ እናቶችና ወንድሞች ራሳቸው ለሕመምተኞቻቸው እንዲያጠጡ አደረገ። 30 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት በእሱ እንክብካቤ ሥር ባሉት ላይ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ብዙ ባልደረቦቹ ግን ለዓመታት አላመኑትም። እኔ የማያምኑትን እረዳቸዋለሁ። የሰው ልጅ መርፌና የተንጠለጠለ ከረጢት ሲያይ ታከምኩ ይላል፤ ስኳርና ጨው በበርሜል ሲያይ ግን ወጥ ቤት የገባ ይመስለዋል። እኛም አገር አተት በገባ ቁጥር የሚታደለው ያው እሽግ ነው፤ ያንኑ እሽግ «ይህማ ምን ያደርጋል፣ መርፌ ውጉልኝ» የሚል ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውየው እኔ ያልነበርኩት በዕድል ነው።

ልጄ ሦስት ቀን ቆየባት። ባለመድኃኒቷ እንዳለችው ተቅማጡ ወዲያው አልቆመም፤ ዓይኗ ግን አልጎደጎደም፣ ሽንቷም አልተቋረጠም። ጎረቤታችን «ሆዷ ይረፍ፣ ፈሳሽ አታብዛባት» ብለው መከሩኝ። አክብሬ ሰማሁና ማንኪያዬን ይዤ ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጣች። አንድ ጉንጭ ቀመስኩ። ጨው አለበት። ልጅ ሆኜም በታመምኩ ቁጥር እንዲሁ ነበር የምታደርግልኝ፤ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ቁንጥር ጨው። የእህሉ ስታርች አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ እንደሚሆን፣ ግሉኮሱም ያንኑ በር እንደሚያንኳኳ ባለፉት ቀናት አንብቤአለሁ። በሩዝ የሚሠራ ኦ.አር.ኤስ. መኖሩንም እንዲሁ። እናቴን እንደ አዲስ አየኋት።

«እማዬ፣ ይህን ጨው ማን አስተማረሽ?»

«የምን ጨው?»

«አጥሚቱ ላይ ያለው።»

«ታዲያ አልጫውን ላጠጣት?» አለችና ልጄን አቅፋ ኩባያውን አፏ ላይ አደረገችላት።

ልጄ ቀመሰች፣ ከንፈሯን ላሰች፣ አያቷን ቀና ብላ አየች።

«እማማ፣ ጨው ለምን ጨመርሽበት?»

እኔ ተዘጋጅቻለሁ። ሁለቱ ሶዲየም፣ አንዱ ግሉኮስ፣ የስኮው ፓምፕ፣ የቦንጋዮን በርሜል፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ናቸው።

«እንዲጣፍጥ ነዋ» አለች እናቴ።

ልጄ ጥቂት አሰበች። ኩባያውን እስከ ታች ጠጣችና ወደ አያቷ ዘረጋችው።

«ጨምሪልኝ።»